ሰርብኛ ላይ "ቅርስ" ሁለት ስም አለው እንዴ? የምታውቁ እርዱኝ

የአንኮበሩ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እዚህ አንኮበር አስጎብኚ ነኝ። ባለፈው ከሰርቢያ ዋና ከተማ ከቤልግሬድ የመጡ ባልና ሚስት ይዤ ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፍራሽ ስንወጣ ሴትየዋ አንዴ "ናስሌጄ" ትላለች አንዴ "ባሽቲና" ትላለች፣ ምንድነው ስላት ሁለቱም ያው ቅርስ ነው አለችኝ። ማታ የሰጡኝን ብሮሹር በስልኬ መተርጎሚያ ሳነሳው ደግሞ "ኩልቱርኖ ዶብሮ" የሚለውን "የባህል ደህና" ብሎ አወጣልኝ 😂 ቀን ሙሉ እንዴት ናችሁ ስላቸው ዶብሮ ዶብሮ ሲሉኝ ነው የዋሉት እኮ። ሌላ ግሩፕ ስለሚመጣ አጭር ጽሑፍ ላዘጋጅላቸው ነበር፣ የቱን ልጠቀም? አማርኛውንስ ሁሉንም ቅርስ ብዬ ልለፈው?

የጠባሴዋ፦
ሰርቢያ ተምሬያለሁ ትንሽ ልንገርህ። ሁለቱም ልክ ነው። ናስሌጄ መውረስ ከሚለው ግሥ ነው የመጣው፣ እኤአ በ2021 ያወጡት ሕግ ራሱ የባህል ናስሌጄ ሕግ ነው የሚባለው፣ የድሮው የ1994ቱ ነው ኩልቱርኖ ዶብሮ ይል የነበረው፣ እዚህ ላይ ዶብሮ ማለት ንብረት ነው እንጂ ደህና አይደለም። ባሽቲና ግን ይጣፍጣል 😊 ዛሬ ሰርብኛ ላይ "ባሽታ" የጓሮ አትክልት ቦታ ስለሆነ እኔ ከሱ የመጣ መስሎኝ ክፍል ውስጥ ተናግሬ ተስቆብኛል፣ ያኛው ከቱርክ የገባ ቃል ነው ለካ፣ ባሽቲና ግን አባት ከሚለው ጥንታዊ የስላቭ ቃል ነው የወጣው። በድሮ ዘመን ባሽቲና ማለት ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ መሬት ነው፣ ንጉሡ ለአገልግሎት የሚሰጠው ደግሞ ፕሮኒያ ይባላል፣ እሱን ባለይዞታው መሸጥ አይችልም፣ በ1349 የወጣው የሰርቡ ንጉሠ ነገሥት የዱሻን ሕግ ለይቶ አስቀምጦታል። ዛሬም በየዓመቱ የሚያከብሩት የአውሮፓ ቅርስ ቀናት በሰርብኛ ባሽቲና ነው የሚለው።

መንዜው፦
ርስትና ጉልት ነው በይኛ በአጭሩ! እኛ ጋ መንዝ የጓሳን የሣር ምድር ያቆየው አጽመ ርስት ነው፣ አስቦና ጌራ የሚባሉት የጥንት አባቶች ዘሮች ነበሩ ቀሮ በሚባል የጥበቃ ሥርዓት የሚያስጠብቁት፣ ለዓመታት ይዘጋና ሲከፈት ሣሩ ለቤት ክዳን ይታጨድ ነበር፣ በእኛ አቆጣጠር በ1967 የመሬት አዋጁ ሲመጣ ነው ሥርዓቱ የፈረሰው። ደግሞ አያቴ "እሱ ቅርስ የለውም" ካሉ ቆጥቦ ያስቀመጠው ነገር የለም ማለታቸው ነው፣ ሙዚየም ምናምን አይደለም። ለኔ ባሽቲና ርስት ነው፣ ናስሌጄን ውርስ በለው።

የአንኮበሩ፦
@መንዜው ርስት ብዬ ብጽፍ የመሬት ክርክር ያለበት ሰው ሁላ ተሰብስቦ ይመጣብኛል 😅 ግን ገብቶኛል፣ ቅርስ ብዬ በቅንፍ ርስትን አስገባለሁ። የጠባሴዋ አንድ ልጨምርሽ፣ "ዛዱዥቢና" ምንድነው? ብሮሹሩ ላይ ስቱዴኒጻ ከሚባል ገዳም ሥር ተጽፏል።

የጠባሴዋ፦
"ዛ ዱሹ" ማለት ለነፍስ ማለት ነው። ንጉሥ ወይ ባለጸጋ ለነፍሱ ብሎ የሚያሠራው ገዳም ዛዱዥቢና ይባላል፣ ስቱዴኒጻን ያሠራው የሰርቦች ገዥ የነበረው ስቴፋን ኔማኛ ነው፣ አፅሙም እዛው ነው፣ 1986 ላይ ዩኔስኮ መዝግቦታል። "የተራድኦ ድርጅት" ብለህ እንዳትተረጉመው አደራ፣ "ለነፍሱ ያሠራው" በለው፣ የኛ ሰው ወዲያው ይገባዋል።

ወለተ ማርያም፦
ስላቫ የሚሉትን የቤት ቅዱሳቸውን በዓልስ ረሳችሁት? ጎረቤቴ የነበረች ሰርብ ጋብዛኝ ሄጄ ቤቱ ውስጥ ሻማ በርቷል፣ ጌጠኛ ዳቦ ቀርቧል፣ አጠገቡ የስንዴ ንፍሮ! ንፍሮ ስላችሁ፣ ጣፋጭ ነው እንጂ። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቅዱስ አለው ከአባት ወደ ልጅ ነው የሚወርደው። ዩኔስኮም በ2014 መዝግቦታል፣ የኛ መስቀል በገባ በዓመቱ።

የአንኮበሩ፦
እሱንማ "የቤት ታቦት" ብዬ ጽፌው ነበር እኮ።

ወለተ ማርያም፦
ኧረ በስመ አብ! ታቦት ቤት ይገባል እንዴ? ዝክር በለው ዝክር። ጽሑፉን አሁኑኑ አስተካክል፣ ቄሶቹ ሳያዩት።

መንዜው፦
😂😂 የንፍሮውን ፎቶ ግን ካለሽ ላኪልን