አስተናጋጅ ሰልጣኞች የእንግዳን ዕድሜ ሲገምቱ የሚሳሳቱት ለምንድን ነው?

ጠያቂ (ባሕር ዳር)
ጣና ዳር ለአስተናጋጅነት የሚሰለጥኑ፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው አዋቂዎች አሉ። ትሪ አያያዝም ትዕዛዝ መቀበልም አያስቸግራቸውም። የሚያስቸግረው አንቱታው ነው፤ መለል ያለውን የ11ኛ ክፍል ተማሪ «እርስዎ»፣ አጠር ያሉትን እናት «አንቺ» ይላሉ። ዕድሜ ገምቱ ሲባሉ መልሳቸው «መቶ» ወይም «አምስት» ነው። ጨርሶ መለየት አይችሉም ማለት ነው?

መልስ 1፣ የልዩ ፍላጎት መምህርት
አይደለም። «መቶ» ማለት የቁጥር ችግር ነው እንጂ ፊት አለማንበብ አይደለም። ሁለቱን ችሎታዎች ለየብቻ ፈትሹ።

የማያውቋቸውን ሰዎች ፎቶ፣ ከትከሻ በላይ ብቻ፣ ያለ ኮፍያ፣ ፊቱ እኩል መጠን ሆኖ በ10 በ15 ሴንቲ ሜትር አሳትሙ። ባለቤቶቹን ማስፈቀድ አይዘንጋ። ሁለት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ «ቀድሞ የተወለደው የቱ ነው?» በሉ። «ትልቁ የቱ ነው?» ብላችሁ ግዙፉን ቢያሳዩ ጥፋቱ የጠያቂው ነው። ከሰፊ ልዩነት ጀምሩ፦ 10 ከ60፣ ቀጥሎ 20 ከ45፣ በስተመጨረሻ 30 ከ40። እያንዳንዱን ጥንድ ግራ ቀኙን አቀያይራችሁ ድገሙ፤ ሁሌ ቀኙን የሚጠቁም ሰው ፊቱን እያየ አይደለም። «ይሄኛው ሽማግሌ ነው፣ አይደል?» አይባልም፤ ብዙዎቹ ጠያቂውን ለማስደሰት «አዎ» ይላሉ። 15 ደቂቃ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ድካሙን ነው የምትለኩት።

ቀጥሎ ሙሉ ቁመት የሚያሳይ ፎቶ፦ ረጅም ጎረምሳና አጭር አዛውንት። ፊቱን ለይቶ እዚህ የሚስት ሰው በቁመት እየተመራ ነው። ዓይኑን ወደ ግንባር፣ ወደ አንገትና ወደ እጅ ጀርባ እንዲመልስ አለማምዱት።

መልስ 2፣ ዓይን ሕክምና ላይ ያለሁ
ከሁሉ በፊት ዓይናቸው ይታይ። በተለይ ዳውን ሲንድሮም ካለ የእይታ ችግር የተለመደ ነው፣ ሰውየውም ላይነግራችሁ ይችላል። ሌላው የመቀመጫው ነገር ነው። እንግዳው ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ ከተቀመጠ፣ ከውኃው የሚያንጸባርቀው ብርሃን ፊቱን ያጠቁረዋል፤ ሽበትና መጨማደድ ይጠፋና የሚቀረው የቁመናው ጥላ ብቻ ነው። ያኔ ማንም ይስታል።

መልስ 3፣ የመስተንግዶ አሰልጣኝ
የፎቶው ሥራ ጥሩ ነው፣ ግን ለሥራው ዕድሜ መገመት ግድ አይደለም። «ምን ልታዘዝ?»፣ «ስኳር ልጨምር?»፣ «ሒሳብ ላምጣ?» አንተም አንቺም እርስዎም የለባቸውም። እነዚህን በቃል ያጥኑ። ከዚያ ወጣ ካለ ከትንንሽ ልጆች በቀር ለሁሉም «እርስዎ»። ተማሪው ቢስቅ ነው፤ እናትየዋ ግን «አንቺ» ሲባሉ ይቀየማሉ። «ጋሼ» እና «እትዬ» ለጊዜው ይቅሩ።

ከዘጌ በጀልባ የመጣ፣ ጺሙን ያሳደገ ወጣት ቄስን ሽማግሌ ቢሉ አታርሟቸው። በጥምጥሙ ነው አንቱ የሚባለው፣ ግምቱ ቢስትም አጠራሩ ልክ ነው።

ጠያቂ
የቤተሰቦቻቸው ፎቶስ አይሆንም?

መልስ 1
ለፈተና አይሆንም፣ ማን ታላቅ እንደሆነ አስቀድመው ያውቁታላ! ለልምምድ ግን ከእሱ የሚሻል የለም። የታናሽ፣ የእናትና የአያት ፎቶ በተርታ ይለጠፍና አዲሱን ፎቶ ይዞ «ከእናትህ ይቀድማል ወይስ ይከተላል?» ብላችሁ ቦታውን ራሱ ያስቀምጠው።