ከፊል ተጣጣፊ የመንገድ ንጣፍ፦ በጋራ ፕሮፖዛሉ ሁለተኛ ረቂቅ ላይ የተደረገ ውይይት

ሰብሳቢ፦ ሁለተኛው ረቂቅ ተያይዟል። ዓላማው ባለፈው ጉባኤ የወሰንነው ነው፤ ሦስቱ ላቦራቶሪዎች አንድ ባለ ክፍተት የአስፋልት ቅይጥ ነድፈው፣ ክፍተቱን በሲሚንቶ ግራውት፣ ማለትም በቀጭን የሲሚንቶ ሊጥ፣ ሞልተው፣ ከባድ ተሽከርካሪ ቆሞ በሚነሣበት ቦታ ላይ ያለውን ጭነት የሚችል መሆኑን ይፈትናሉ። የክፍተት መጠኑ ከ25 እስከ 35 በመቶ፣ ሬንጁ ከ3.5 እስከ 4.5 በመቶ፣ ትልቁ ጠጠር 14 ሚሊሜትር፣ የንጣፉ ውፍረት 50 ሚሊሜትር ተብሎ ተቀምጧል። ተቃውሞ ያለው አባል እስከ ሐሙስ ያቅርብ።

ተቋራጭ፦ ከ25 እስከ 35 የሚለውን አልፈርምበትም። በ50 ሚሊሜትር ውፍረት 25 በመቶ ማለት ለአንድ ካሬ ሜትር 12.5 ሊትር ግራውት ሲሆን፣ 35 በመቶ ማለት 17.5 ሊትር ነው። ይህን ልዩነት የሚሸፍነው የእኔ ኪስ ስለሆነ 28፣ ግፋ ቢል 30 ተብሎ ይጻፍ።

የመጀመሪያው ላቦራቶሪ፦ ከ28 እስከ 32 ቢባል እንስማማለን። ከ25 በታች ሲሆን ግራውቱ መንገድ አጥቶ እላይ ይቀራል፤ ክፍተቱ ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ጠጠሮቹ የሚነካኩበት ቦታ ስለሚያንስ የጠጠሩ አጽም ግራውት ሳይገባበት ይፈርሳል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን ረቂቁ ሬንጁን ስለሚይዘው የዕፅዋት ጭረት፣ ስለ ሴሉሎስ ፋይበር፣ ምንም አለማለቱ ነው። ፋይበር በሌለው ቅይጥ ሬንጁ ገና በመኪና ላይ ሳለ ወደ ታች ይንጠፈጠፋል። እንዲህ ያለ ናሙና ለሁለት ሲሰነጠቅ ላይኛው ክፍል በግራውት ተሞልቶ ነጣ ያለ፣ ታችኛው ግን ሁለት ጣት ያህል ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ የተጠራቀመው ሬንጅ ቀዳዳውን ደፍኖታልና። ከቅይጡ ክብደት 0.3 በመቶ ፋይበር ይግባ፤ የመንጠፍጠፍ ፈተናውንም አንድ አባል በኃላፊነት ይውሰድ።

ሦስተኛው ላቦራቶሪ፦ የመንጠፍጠፍ ፈተናውን እኛ እንሠራለን።

ሁለተኛው ላቦራቶሪ፦ ስለ ቁጥሮች ከመነጋገራችን በፊት ረቂቁ ናሙናው ዲያሜትሩ 101.6 ሚሊሜትር በሆነ ሞልድ (የናሙና መጠቅጠቂያ ቅርጽ) ይሠራ የሚለው ይሰረዝ። 14 ሚሊሜትር ጠጠር በጠባብ ሞልድ ውስጥ ከግድግዳው ጋር በደንብ ስለማይጠጋጋ የሚገኘው ክፍተት ከእውነተኛው ይበልጣል። 150 ሚሊሜትር ይሁን። ይህንኑ ባለፈው ዓመት ተናግረን በቃለ ጉባኤው ሳይሰፍር ቀርቷል።

ገንዘብ ያዥ፦ 150 ሚሊሜትር ሞልድ ያለው በእናንተ ዘንድ ብቻ ነው። ለሌሎቹ ሁለት የሚገዛበት በጀት የለም።

ተቋራጭ፦ ይህማ ግልጽ ነው። ሞልዱ ከተለወጠ ፈተናው ሁሉ ወደ አንድ ቤት ይሄዳል፣ ክፍያውም አብሮት ይሄዳል።

ሁለተኛው ላቦራቶሪ፦ ቴክኒካዊ ጉዳይን ወደ ጥቅም ፍለጋ መለወጥ ነውር ነው። ቃሉ ካልተነሣ ስማችን ከፕሮፖዛሉ ይውጣ።

አማካሪ፦ ሁለታችሁም የተጣላችሁት በተሳሳተው ዕቃ ላይ ነው። ክፍተቱ ይህን ያህል ሰፊ በሆነ ናሙና ላይ በውኃ ውስጥ መዝኖ ይዘትን ማግኘት አይቻልም፤ ናሙናው ከውኃ ሲወጣ ውኃው ከቀዳዳዎቹ ይፈስሳል። ስለዚህ ቁመትና ዲያሜትር በካሊፐር፣ በመንጋጋው ይዞ በሚለካው መሣሪያ፣ ይለካል። የ63.5 ሚሊሜትር ቁመት በ1 ሚሊሜትር ቢሳሳት 30 በመቶ የነበረው ክፍተት ወደ 31 ይጠጋል፤ ይህም ተቋራጩ በሚያሰላው ስሌት ለአንድ ካሬ ሜትር ግማሽ ሊትር ግራውት ነው። ቁመቱ በአራት ቦታ ይለካ ብላችሁ ብትጽፉ ከሞልዱ የበለጠ ይጠቅማችኋል።

ሁለተኛው ላቦራቶሪ፦ አራት ቦታ መለካቱን እንቀበላለን። ሞልዱ ግን 150 ነው።

የመጀመሪያው ላቦራቶሪ፦ በ101.6 የሠራናቸው የቀድሞ ውጤቶች እንግዲህ ዋጋ የላቸውም ማለት ነው?

ሁለተኛው ላቦራቶሪ፦ እንዲህ አላልንም።

የመጀመሪያው ላቦራቶሪ፦ የተባለው ይኸው ነው።

ተቋራጭ፦ ስለ ክፍያው የተናገርሁትን አንሥቻለሁ፤ በዚህ ምክንያት ማንም እንዲወጣ አልፈልግም። ስለ ግራውቱ ግን አሁንም የተጻፈ ነገር አላየሁም። በኮን፣ ማለትም ከታች ቀዳዳ ባለው ሾጣጣ ዕቃ፣ ሲፈተሽ በስንት ሰከንድ ይፍሰስ? አስፋልቱ ስንት ዲግሪ ሲደርስ ይፍሰስበት? ግራውቱ ትኩስ አጽም ላይ ከፈሰሰ ውኃውን አጥቶ ከግማሽ ሳያልፍ ይደርቃል።

አማካሪ፦ ፍሰቱ ከ10 እስከ 16 ሰከንድ፣ አጽሙ ከ40 ዲግሪ በታች ሲበርድ ቢባል ለመነሻ ያህል ይበቃል። ላዩ ላይ የሚተርፈው ግራውት ተጠርጎ ጠጠሩ ብቅ እንዲል የሚያዝ ዐረፍተ ነገርም ያስፈልጋል፤ አለዚያ መንገዱ በዝናብ ጊዜ ያንሸራትታል።

ሰብሳቢ፦ የመንጠፍጠፍ ፈተናውን የወሰደው ሦስተኛው ላቦራቶሪ ምን ላይ ደርሷል? ሁለት ጊዜ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም።

ገንዘብ ያዥ፦ ለሞልዱ ክርክር መፍትሔ አለኝ። አንዱን ቅይጥ በሁለቱም ሞልድ ሠርተን ልዩነቱን እንለካ፤ ሁለት ተጨማሪ ሞልዶች ከሁለተኛው ላቦራቶሪ በውሰት ይምጡ።

ሁለተኛው ላቦራቶሪ፦ ንጽጽሩን የምንመራው እኛ ከሆንን እናውሳለን።

የመጀመሪያው ላቦራቶሪ፦ የቀድሞ ውጤቶቻችን በሰንጠረዡ ከገቡ እንስማማለን።

ሰብሳቢ፦ እንግዲያው ሦስተኛው ረቂቅ «በሁለት የሞልድ መጠኖች የባለ ክፍተት አስፋልት ክፍተት አለካክ ንጽጽር» በሚል ርእስ ተዘጋጅቷል። ፋይበሩ ገብቷል፣ የመንጠፍጠፍ ፈተናው ፈቃደኛ እስኪገኝ ተነሥቷል፣ የግራውት ሙሌትና የጭነት ፈተናው ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ተላልፏል። መዋጮው እንደ ቀድሞው ለአራት እኩል ይከፈላል።

ተቋራጭ፦ ግራውት ለሌለበት ፕሮፖዛል ሩቡን የምከፍልበት ምክንያት በጽሑፍ ይሰጠኝ።