ዓለም የመጥፋት ስጋት የሌለበት ምናባዊ ልብወለድ ምኑ ይስባል?

ጥያቄ፦
ትራቪስ ባልድሪ እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተመው የፋንታሲ ልብወለድ፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የተዋጊነት ኑሮዋን ትታ የቡና መሸጫ ትከፍታለች። ጦርነትና የመንግሥታት ውድቀት በሌሉበት ታሪክ አንባቢን እስከ መጨረሻው ገጽ የሚያዘልቀው ምንድን ነው? ከእውነታ መሸሽስ አይሆንም ትላላችሁ?

ምላሽ 1፦
ግጭቱ አነሰ እንጂ አልጠፋም። በተጠቀሰው መጽሐፍ የከተማው ሰው ቡና ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም፤ ስለዚህ ደጁ ተከፍቶ ደንበኛ ሳይመጣ ሲቀር፣ ሴትየዋ የቆረጠችለት አዲስ ሕይወት በሙሉ አደጋ ላይ ይወድቃል። እኔ ይህን ከብዙ የጦር ሜዳ ትረካ በበለጠ ጭንቀት አንብቤዋለሁ።

ምላሽ 2፦
ስለ ሽሽት ለተነሳው ጥያቄ፣ ቤኪ ቻምበርስ በ2021 ያሳተመችውንና በ2022 ለሳይንስና ለምናባዊ ልብወለድ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት ያገኘውን አጭር ልብወለድ ብትመለከቱ መልካም ነው። እየተዘዋወረ ለሰዎች ሻይ የሚያፈላና ብሶታቸውን የሚያዳምጥ መነኩሴ፣ መሠረታዊ ፍላጎት በተሟላበት ዓለም እየኖረ እርካታ ያጣል፤ በጫካ የሚያገኘው ሮቦትም የሰው ልጅ ምን እንደሚያስፈልገው ለማወቅ የመጣ ነው። ረሃብና ጦርነት ከተወገዱ በኋላ የሚቀረውን ባዶነት መመርመር፣ በእኔ እምነት፣ የሳይንስ ልብወለድ ከሚያነሳቸው ከባድ ጥያቄዎች አንዱ ነው።

ምላሽ 3፦
በሁለታችሁም ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሆኖም ትልቅ አደጋ በሌለበት በዚህ የልብወለድ ዘርፍ የሚጻፈው ሁሉ እንዲህ አይደለም። ማንም ምንም የማያጣበት፣ ጥሩነትም ዋጋ የማያስከፍልበት ድርሰት ቶሎ ይሰለቻል። ደግነት የሚያጽናናው ገጸ ባሕርይው ክፉ መሆን እየቻለ ሲመርጠው ነው።