የኮሌጅ ቡድናችን ከየካቲት በኋላ ለምን ይወርዳል?

ማራኪ_ሜዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ጎንደር የአንድ ኮሌጅ ቡድን ምክትል አሰልጣኝ ነኝ። 22 ልጆች አሉን፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ልምምድ፣ ቅዳሜ ጨዋታ። እስከ ጥምቀት ድረስ ደህና እንሄዳለን። ከየካቲት ወዲህ ግን አብዛኛው ጎል የሚገባብን ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ ነው፤ የኋላ ጭናቸውን የሚይዙ ልጆችም ይበዛሉ። አቅም አንሷቸው ይሆናል ብለን ሩጫ ብንጨምር ጭራሽ ባሰ። ምን እናስተካክል?

ፊዚዮ_አዘዞ፦
ያባሰው ሩጫው ነው። በዚያ ወቅት ልጁ ፈተና ያጠናል፣ ይጾማል፣ ሜዳው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ በዚህ ላይ ዙር ብትጨምርበት ጡንቻው መቼ ያገግማል?

መጀመሪያ ጫናውን በቁጥር ያዙት። ልምምድ ካለቀ ከ30 ደቂቃ በኋላ እያንዳንዱን ልጅ «ከ10 ስንት ከበደህ?» በሉትና መልሱን በደቂቃው አባዙት። ለምሳሌ ሰኞ 45 ደቂቃ በ3 (135)፣ ማክሰኞ 75 በ6 (450)፣ ረቡዕ 75 በ7 (525)፣ ሐሙስ 50 በ4 (200)፣ ድምሩ 1,310። የቅዳሜው ጨዋታ 90 በ8 ቢሆን ሌላ 720 ነው። በፈተናና በጾም ሳምንት የልምምዱን ድምር ወደ 700 አውርዱት፤ የምትቀንሱት ግን ደቂቃውን እንጂ ፍጥነቱን አይደለም። ፍጥነቱ ከተቀነሰ ልጁ ቅዳሜ ሳምንቱን ሙሉ ባልሮጠበት ፍጥነት ሊሮጥ ነው፤ የኋላ ጭን የሚሳበውም ያኔ ነው።

ለኋላ ጭን ኖርዲክ የሚባለውን አሠሯቸው። ልጁ ለስላሳ ነገር ላይ ይንበረከካል፣ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን አጥብቆ ይይዝለታል። ከጉልበት እስከ ትከሻ ቀጥ እንዳለ በተቻለው መጠን ቀስ እያለ ወደፊት ይወርዳል፣ መጨረሻ ላይ በእጁ መሬት ይይዛል። ለጀማሪ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይበቃል፤ ከሳምንታት በኋላ ከ7 እስከ 10፣ ከዚያ ከ12 እስከ 15። በብዛት የሚበላሸው ወገብ ላይ ሲታጠፉ ነው፤ ያኔ ሥራው ከጭኑ ላይ ይነሳል። ማክሰኞ ይሁን። መጀመሪያ ሰሞን ለሁለትና ሦስት ቀን ስለሚያሳምም ሐሙስ ላይ እንዳትሞክሩት። በየካቲት መጀመርም ዘግይቷል፣ ጥቅምት ላይ ይግባ።

ለማሟሟቅ የፊፋ 11+ አለ፤ 20 ደቂቃ ነው፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለቴ። ሜዳ መዞር ብቻውን ማሟሟቅ አይባልም።

የአራዳ_ልጅ፦
ፊዚዮ ያለው እንዳለ ሆኖ፣ ስለ ጾሙ ልጨምር። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይን ልጅ በ8 ሰዓት ማሠራት በባዶ ሆድ መግደል ነው። ልምምዱን ወደ 11 ሰዓት ውሰዱት። 9 ሰዓት ላይ በሶ በጥብጦ፣ ጨው ጣል አድርጎበት ይጠጣ፤ ተልባና ለውዝ ሆድ ስለሚከብዱ ለማታ ይቆዩ። ማታ ሽሮ ብቻ አይበቃም። 65 ኪሎ የሚመዝን ተጫዋች በኪሎ 1.4 ግራም ብንይዝለት በቀን ወደ 91 ግራም ፕሮቲን ይፈልጋል፤ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር የሚሰጠው ወደ 9፣ አንድ እፍኝ ለውዝ ወደ 7 ግራም ነው። ስለዚህ ምስሩም ባቄላውም ሽምብራውም በየማዕዱ መግባት አለበት፤ የካፌውን ኃላፊ ጾሙ ሳይገባ አነጋግሩት።

ጨዋታችሁ ቅዳሜ መሆኑ በጀ። ከቀዳም ስዑር በቀር ቅዳሜና እሁድ ከጥሉላት መከልከል እንጂ እስከ 9 ሰዓት መቆየት የለም፤ ጠዋት ጠግበው ይብሉ።

ሙስሊም ልጆችንም አትርሱ፤ በ2018 ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገቡት በአንድ ሰሞን ነበር። የ11 ሰዓቱ ልምምድ ለእነሱም ይሆናል፣ ከባዱን ክፍል ግን አሳጥሩላቸው። ማፍጠሪያው ሲደርስ ውሃና ቴምር ሜዳው ዳር ይኑር።

ታኬታ፦
ጫማቸውን አይታችኋል? ባለ ስድስት ረጅም ጥርስ ታኬታ ለክረምት ጭቃ ነው። በየካቲት መሬት ላይ ጥርሱ አይገባም፤ ልጁ እንደ ቆመ ይንሸራተታል ወይ ቁርጭምጭሚቱ ይዞራል። አጫጭርና ብዙ የጎማ ጥርስ ያለው ይሻላል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ረከስ ይላል።

ሌላው ተቀያሪ ነው። ደንባችሁ አምስት ቅያሪ ከፈቀደ 60ኛው ደቂቃ ላይ ሁለቱን አስገቡ፤ ልጁ እስኪያነክስ መጠበቅ ምን ይሉታል? ፋሲል ከነማ በ2013 ዋንጫ ያነሳው ሊጉ በጥቂት ከተሞች ተሰባስቦ፣ ጨዋታ በጨዋታ ላይ እየተደራረበ በሚካሄድበት ዓመት ነው። እንዲህ ያለውን በ11 ሰው ማን ይዘልቀዋል?

ማራኪ_ሜዳ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ቅዳሜ ያልተሰለፉት ልጆችስ? ሰኞ ከሌሎቹ ጋር ቀላል ልምምድ ነው የሚሠሩት።

ፊዚዮ_አዘዞ፦
እሱ ነው ተቀያሪዎቻችሁን የሚያደክማቸው። ከ60 ደቂቃ በታች የተጫወተ ሁሉ ሰኞ ለብቻው ይሥራ፦ በጠባብ ሜዳ 4 ለ 4፣ አራት ደቂቃ ተጫውቶ ሁለት ደቂቃ እረፍት፣ አራት ዙር። ከዚያ 30 ሜትር በሙሉ ፍጥነት ስድስት ጊዜ፣ በየመሐሉ አንድ ደቂቃ ተኩል እየቆሙ። ተሰላፊዎቹ በዚያ ሰዓት ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ሠርተው ቶሎ ይውጡ። በፈተና ሳምንት ከ4 ለ 4ቱ ሁለት ዙር ቀንሱ፣ ሩጫው እንዳለ ይቆይ።