ሊነክስ ላይ የብሉቱዝ ሄድሴት ማይክ፦ ቴሌግራም ያገኘዋል፣ ኦዳሲቲ አያየውም

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ኡቡንቱ 24.04 ነው፣ ላፕቶፕ፣ ባለ ማይክ የብሉቱዝ ሄድሴት። ሙዚቃ ጥርት ብሎ ይሰማል። ችግሩ ማይኩ ላይ ነው።

ቴሌግራም ዴስክቶፕ ላይ ስደውል ማይኩ ይሠራል፤ ግን ጥሪው ገና ሲጀመር የምሰማው ድምፅ ይበላሻል። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ደግሞ «በርሜል ውስጥ ገብተህ ነው እንዴ የምታወራው?» ይላል። ኦዳሲቲን (የድምፅ መቅጃ ፕሮግራሙን) ከፍቼ ልቅዳ ስል የሄድሴቱ ማይክ ጭራሽ የለም፤ የሚቀዳው የላፕቶፑ ማይክ ነው። ሄድሴቱን ሰርዤ እንደ አዲስ አገናኝቼዋለሁ፣ ለውጥ የለም። ስልክ ላይ ማይኩ ደህና ነው። አንድ ቦታ ያገኘሁትን የዋየርፕለምበር (የድምፅ መሣሪያዎችን የሚያስተዳድረው የሊነክስ ፕሮግራም) ኮንፊግ ወይም የቅንብር ፋይልም አስገብቻለሁ፤ እሱም ምንም አላመጣም። ከየት ልጀምር?

መልስ 1

ወንድም፣ እዚህ ያለው አንድ ችግር ሳይሆን ሦስት ነው። ለየብቻ እንያቸው።

መጀመሪያ የድምፁ መበላሸት። ይሄ የሊነክስ ጥፋት አይደለም፣ ብሉቱዝ ራሱ እንዲህ ነው የተሠራው። ሙዚቃ የሚሄድበት መንገድ (ፕሮፋይል የሚባለው) ኤ2ዲፒ ይባላል። ስቴሪዮ ነው፣ ጥራቱም ጥሩ ነው፣ ግን አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፦ ከኮምፒውተር ወደ ጆሮ። የማይክ መመለሻ የለውም። ማይክ ሲፈለግ ሄድሴቱ ኤችኤፍፒ ወደሚባለው የስልክ ጥሪ መንገድ ይዞራል። እሱ ሁለት አቅጣጫ አለው፤ ግን ሞኖ ነው፣ ጠባብም ነው። ስለዚህ ማይኩ በተከፈተ ቁጥር የምትሰማውም ድምፅ አብሮ ይወርዳል። ስልክም ጥሪ ላይ ይህንኑ ያደርጋል፤ ጥሪ ላይ ሆኖ ሙዚቃ የሚያዳምጥ ስለሌለ ነው የማይታወቀው።

ሁለተኛ፣ ኦዳሲቲ። ኡቡንቱ 24.04 ይዞት የሚመጣው ዋየርፕለምበር 0.4 ነው። እዚያ ውስጥ «እነዚህ ፕሮግራሞች ማይክ ሲጠይቁ ሄድሴቱን ወደ ጥሪ ፕሮፋይል አዙር» የሚል የስም ዝርዝር አለ። ፋየርፎክስ፣ ክሮም፣ ዙም፣ ቴሌግራም ዴስክቶፕ አሉበት። ኦዳሲቲ የለም። ስለዚህ ቴሌግራም ሲደውል ሄድሴቱ በራሱ ይዞራል፤ ኦዳሲቲ ሲከፈት ግን ኤ2ዲፒ ላይ እንዳለ ይቀራል፣ ኤ2ዲፒ ላይ ደግሞ ማይክ የሚባል ነገር የለም። የተበላሸ ነገር የለም ማለት ነው።

መፍትሔው በእጅ ማዞር ነው። ፓቩኮንትሮል የሚባለውን የድምፅ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ጫን (ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፓቩኮንትሮል። ትዕዛዞችን እንደሚነበቡ ነው የምጽፈው፣ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል በትንንሹ ይገባሉ)። ኮንፊገሬሽን የሚለው የመጨረሻው ታብ ላይ ሄድሴትህን ፈልግና ፕሮፋይሉን «ሄድሴት ሄድ ዩኒት» አድርገው። ከዚያ የኡቡንቱ ሴቲንግ ውስጥ ሳውንድ፣ ኢንፑት ላይ ሄድሴቱን ምረጥ። ኦዳሲቲን የምትከፍተው ከዚህ በኋላ ነው። ቀድሞ ተከፍቶ ከነበረ «ሪስካን ኦዲዮ ዲቫይስስ» በለው። መቅጃውን ስትመርጥ የሄድሴቱን ስም አትፈልግ፣ አታገኘውም፤ «ፓይፕዋየር» (የሲስተሙ የድምፅ አገልግሎት) ወይም «ዲፎልት» የሚለውን ምረጥ።

ሦስተኛው፣ የበርሜል ድምፁ፣ ከኮዴኩ (ድምፁ ለመላክ ከሚታመቅበት ዘዴ) ይመስለኛል። ፓቩኮንትሮል ላይ «ሄድሴት ሄድ ዩኒት» ከሚለው ጎን በቅንፍ የትኛው ኮዴክ እንደተጻፈ ንገረን፦ ሲቪኤስዲ ወይስ ኤምኤስቢሲ?

ጠያቂው

ኦዳሲቲ ሠራ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፓቩኮንትሮል ላይ ሁለቱም አሉ፣ የተመረጠው ሲቪኤስዲ ነው። ኤምኤስቢሲን ስመርጥ ግን ማይኩ ዝም ይላል፤ አንዳንዴ ሽሽሽ የሚል ብቻ ይቀዳል። የላፕቶፑ ብሉቱዝ ስለማይሠራ በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ አዳፕተር ነው የምጠቀመው፤ መናገር ነበረብኝ።

መልስ 2

አዳፕተሩን መጀመሪያ ብትጠቅስ ኖሮ ግማሹ መንገድ ያልቅ ነበር :)

ሲቪኤስዲ በሰከንድ 8000 ናሙና ነው የሚወስደው። ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው የድምፅ ክፍል ሁሉ ይቆረጣል፤ «ሰ»ን ከ«ፈ» የሚለየው ፉጨት ያለው ደግሞ በብዛት እዚያ ላይ ነው። በርሜሉ ይሄ ነው። ኤምኤስቢሲ 16000 ይወስዳል፣ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። (ኦዳሲቲን 44100 ላይ ብታደርገው ምንም አትጨምርም፤ በ16000 የመጣ ድምፅ ፋይሉ ስለሰፋ አይሰፋም።)

ኤምኤስቢሲ ፓቩኮንትሮል ላይ ጭራሽ ካልታየ፣ ሄድሴቱ ወይም አዳፕተሩ አይችለውም ማለት ነው። ታይቶ ግን ዝምታ ወይም ሽሽታ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጥርጣሬው አዳፕተሩ ላይ ነው። ምክንያቱም የጥሪ ድምፅ በዩኤስቢ በኩል የሚያልፈው ሰዓቱን ጠብቆ በሚላክ ልዩ መስመር ነው፤ ኤምኤስቢሲ ከሲቪኤስዲ የተለየ የፓኬት አደራረግ ይፈልጋል፤ ርካሽ አዳፕተሮች ብዙ ጊዜ «እችላለሁ» ይላሉ፣ ሲመጣ ግን ፓኬቱን ያዛባሉ።

ተርሚናል ላይ ኤልኤስዩኤስቢ (የተሰኩ የዩኤስቢ ዕቃዎችን የሚዘረዝር ትዕዛዝ) ብለህ እይ። መለያው 0ኤ12፡0001 ከሆነ ሲኤስአር በሚባለው ቺፕ ስም የሚሸጥ ነው፤ በዚህ መለያ ከእውነተኛው ይልቅ ቅጂው ይበዛል። ሁለት ምርጫ አለህ፦ ሲቪኤስዲን ተቀብሎ መኖር ወይም አዳፕተር መቀየር። ኮንፊግ በመነካካት የተሰበረ ቺፕ አይጠገንም።

ሲቪኤስዲ ላይ ለመቆየት ከመረጥክ ኤምኤስቢሲን አጥፋው፤ አለዚያ ጥሪ በመጣ ቁጥር ወደሱ እየዞረ ዝም ሊልብህ ይችላል። አሁን ያ ምንም ያላመጣው ፋይልህ፦ ስሙ በ«ዶት ኮንፍ» የሚያልቅ ነበር አይደል? እሱ ለዋየርፕለምበር 0.5 የተጻፈ ነው። 0.4 እንዲህ ያለውን ቅንብር የሚያነበው ሉዋ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ከተጻፈ ፋይል ነው፣ ሌላውን ስህተት እንኳ ሳያሳይ ያልፈዋል። ሆም ፎልደርህ ውስጥ ዶት ኮንፊግ፣ እሱ ውስጥ ዋየርፕለምበር፣ እሱ ውስጥ ብሉቱዝ ዶት ሉዋ ዶት ዲ የሚል ፎልደር ፍጠር፤ ውስጡ ስሙ በ51 የሚጀምርና በ«ዶት ሉዋ» የሚያልቅ ፋይል አድርግ። ይዘቱ አንድ መስመር ነው፦ ብሉዝ አንደርስኮር ሞኒተር ዶት ፕሮፐርቲስ፣ ቀጥሎ በአራት ማዕዘን ቅንፍ ([ ]) እና በጥቅስ ውስጥ ብሉዝ5 ዶት ኢኔብል ሰረዝ ኤምኤስቢሲ፣ ቅንፉን ዝጋ፣ እኩል ይሆናል፣ ፎልስ። «ብሉዝ» በዜድ ነው የሚያልቀው፣ በ«ኤስ» ከጻፍከው አይሠራም። 51 ያልኩህ የሲስተሙ ፋይል በ50 ስለሚጀምርና ያንተ ከሱ በኋላ መነበብ ስላለበት ነው።

ከዚያ ሲስተምሲቲኤል፣ ሁለት ሰረዝ ዩዘር፣ ሪስታርት፣ ዋየርፕለምበር። ሄድሴቱን አጥፍተህ አብራ።

መልስ 3

ከላይ ያሉት መልሶች ትክክል ናቸው፤ ግን ለምን በሄድሴቱ ማይክ ግድ ይላል? ላፕቶፑ ማይክ አለው። ሄድሴቱን ኤ2ዲፒ ላይ ተወው፣ ኢንፑቱን የላፕቶፑ ማይክ አድርገው። የምትሰማው ስቴሪዮ ሆኖ ይቀራል፣ ያንተም ድምፅ ከሲቪኤስዲ በብዙ እጅ ይሻላል። ኦዳሲቲ ላይ ለሚቀዳ ነገርማ የብሉቱዝ ማይክ መጠቀም ራሱ ልክ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ብቻ፦ ቴሌግራም ሲከፈት ዋየርፕለምበር ሄድሴቱን አሁንም ወደ ጥሪ ሊያዞረው ይችላል። እንዳያዞር ፖሊሲ ዶት ሉዋ ዶት ዲ የሚል ፎልደር ውስጥ (ያው ዶት ኮንፊግ፣ ዋየርፕለምበር ስር) በ11 የሚጀምር የሉዋ ፋይል ፍጠርና ብሉቱዝ አንደርስኮር ፖሊሲ ዶት ፖሊሲ ላይ፣ ሚዲያ ሰረዝ ሮል ዶት ዩዝ ሰረዝ ሄድሴት ሰረዝ ፕሮፋይል የሚለውን ፎልስ አድርገው። ቅንፍና ጥቅሱ መልስ 2 እንዳለው ነው። ሲስተሙን ወደ 0.5 ስታሳድግ እነዚህ የሉዋ ፋይሎች አይነበቡም፣ ሰርዛቸው። እዚያ ቅንብሩ ብሉቱዝ ዶት ኦቶስዊች ቱ ሄድሴት ፕሮፋይል ይባላል (በቃላቱ መካከል ሰረዝ አለ)፣ በደብልዩፒሲቲኤል ሴቲንግስ ይቀየራል፤ ሁለት ሰረዝ ሴቭ ካልጨመርክበት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ይጠፋል።

መልስ 1 (በድጋሚ)

መልስ 3 ያለው ጸጥ ያለ ክፍል ላለው ሰው ይሠራል። ከጎን ሰው ካለ ወይም ፋን የሚጮህ ላፕቶፕ ከሆነ ግን አፍ አጠገብ ያለው ማይክ ይሻላል፣ ሲቪኤስዲም ቢሆን።

ጠያቂው

መለያው 0ኤ12፡0001 ነው :( ሌላ አዳፕተር እፈልጋለሁ። የሉዋ ፋይሉ ሠርቷል፣ ኤምኤስቢሲ ከዝርዝሩ ጠፍቷል። አሁን የቀረው፣ ጥሪ ላይ ሆኜ ፋይል ሳወርድ ድምፄ ይቆራረጣል። ይሄም አዳፕተሩ ነው?

መልስ 2

ምናልባት አይደለም። ዋይፋይህ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ከሆነ ብሉቱዝም እዚያው ነው ያለው፤ ማውረዱ ሲበረታ ይጋጫሉ። ሙዚቃ ላይ የማይታወቀው ኤ2ዲፒ ድምፁን አስቀድሞ አጠራቅሞ ስለሚይዝ፣ የጠፋውንም ፓኬት ደግሞ ስለሚልክ ነው። ጥሪ መጠበቅ አይችልም፤ የዘገየ ፓኬት ይጣላል፣ ያ ነው ቁርጥ ቁርጥ የሚለው። ራውተርህ 5 ጊጋኸርዝ ካለው ወደዚያ ቀይር፣ ወይም በኬብል ተገናኝ።

አዳፕተሩ ዩኤስቢ 3 ሶኬት ላይ ነው ያለው? በተለይ አጠገቡ ሃርድዲስክ ወይም ፍላሽ ከተሰካ? ዩኤስቢ 3 ሲሠራ ራሱ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ረብሻ ይለቃል። ወደ ዩኤስቢ 2 ሶኬት አዛውረው፤ ከሌለ ደግሞ ግማሽ ሜትር ማራዘሚያ ኬብል አድርግና ከላፕቶፑ አርቀው። አዲስ ስትገዛም ኬብሉን አትጣለው።

መልስ 4

ይሄን ለሚያነቡ ሌሎች፦ ሄድሴታችሁ ከራሱ ትንሽ ዶንግል (በዩኤስቢ የሚሰካ መቀበያ) ጋር የመጣና ብሉቱዝ ያልሆነ ከሆነ፣ ከላይ የተባለው የፕሮፋይልና የኮዴክ ጉዳይ አይመለከታችሁም። ለሊነክስ እሱ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ነው። ኤሬኮርድ፣ ሰረዝ ኤል ስትሉ ካልታየ ችግሩ ዶንግሉ ወይም ሶኬቱ ላይ ነው። ከታየና ዝም ካለ አልሳሚክሰር ክፈቱ፣ በኤፍ6 ካርዱን ምረጡ፣ በኤፍ4 ወደ ካፕቸር ሂዱ፣ ስፔስ ተጭናችሁ ማይኩን አብሩ፣ ከፍ አድርጉት። ፓቩኮንትሮል ላይም ፕሮፋይሉ «አውትፑት» ብቻ ሳይሆን «ኢንፑት»ም ያለበት መሆኑን እዩ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሄድሴቱ ላይ ያለችውን የሚዩት ቁልፍ ተመልከቱ፤ ማይኩ የሚነቀል ዓይነት ከሆነም እስኪቆም ግፉት።

ብሉቱዝም ቢሆን አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ ሄድሴቱ በአንድ ጊዜ ከስልክም ከላፕቶፕም ጋር የሚገናኝ ከሆነ፣ ስልኩ ጥሪውን ይይዝና ላፕቶፑ ላይ ማይኩ ዝም ይላል። ስትፈትሹ የስልኩን ብሉቱዝ አጥፉ።