ችግር ሲረዝም ጸሎት እንዳይቋረጥ ምን ይደረግ?

ዘአራዳ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ፤ ወራት ተቆጠሩ። መጀመሪያ ሰሞን የዘወትር ጸሎት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም፣ ሦስት መልክዕ (የቅዱሳን የውዳሴ ድርሰት)፣ ከዚያም 41 ስግደት ነበር። አሁን በስመ አብ ብሎ መጀመሩም ከበደ። ሥራ ፒያሳ ነው፣ ከ2፡30 እስከ 11፡30። ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት መጠበቅ ይቻላል? ያመለጠውስ በሌላ ቀን ይተካል? ደግሞ አንዱን ልመና ለወራት መደጋገም «በከንቱ አትድገሙ» የሚለውን መተላለፍ አይሆንም?

ዘ4 ኪሎ፦
የእምነት ማነስ አይመስለኝም፣ የተጫነው በዝቶ ነው። በጭንቅ ሰሞን በአንዴ የተቆለለ ጸሎት፣ ጭንቁ ሲለመድ ይናዳል። ስለዚህ ቀንስ። ጠዋት ከቤት ሳትወጣ የዘወትር ጸሎት ብቻ፤ ሳትጣደፍ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ማታ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም። መልክዑን ለወርኃዊ በዓሉ አቆየው፤ የሥላሴን በ7፣ የጊዮርጊስን በ23።

ሰባቱ ጊዜያት በራሳችን ሰዓት የተቆጠሩ ስለሆኑ ለማስታወስ አያስቸግሩም፦ ነግህ ጠዋት 12፣ ሠለስት 3፣ ቀትር 6፣ ተሰዓት 9፣ ሠርክ 11፣ ንዋም ማታ 3፣ መንፈቀ ሌሊት 6። አራቱ ሥራ ላይ ይውሉብሃል፤ ምሳ በ6፡30 ከሆነማ ቀትር እንኳ አይገጥምልህም። በእነዚህ አራቱ መጽሐፍ አትዘረጋም። አንድ አቡነ ዘበሰማያት በልብህ፣ ደቂቃ አይሞላም። ሰዓቱ ራሱ ሐሳብ ይሰጥሃል፦ በ3 መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ ወረደ፣ በ6 ጌታ ተሰቀለ፣ በ9 ነፍሱን ሰጠ፣ በ11 ተቀበረ። ንዋምን ግን አልጋ ላይ ተጋድመህ አትጀምር፤ አቡነ ዘበሰማያት ሳያልቅ እንቅልፍ ይወስድሃል።

ስግደቱን ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገርበት። እሑድ አይሰገድም፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናትም እንዲሁ። ያኔ መተው ማቋረጥ አይደለም።

ወለተ ማርያም፦
ያመለጠው ይተካል ወይ ላልከው፣ አይተካም። ሰው ከጸሎት የሚወጣበት ትልቁ በር ይሄ «ዕዳ» ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150 ይደርሳል። ማክሰኞን ለረቡዕ ካሸጋገርክ 50 መዝሙር ይጠብቅሃል፤ ሐሙስ መጽሐፉን ትከድነዋለህ። ማክሰኞ አለፈ? ረቡዕ ከ61 ቀጥል፣ አለቀ። የዓርቡ 20 ብቻ ነው ብለህም አትዘናጋ፤ 118ኛው ብቻውን 176 ቁጥር ነው። (ቁጥሩ በአንድ የሚዘልበት መጽሐፍ ቅዱስ ካለህ 119 ብለህ ፈልገው።)

ለአሁኑ አቅምህ ግን ይሄም ይበዛል። በቀን አንድ ንጉሥ፣ ማለትም 10 መዝሙር፣ በ15 ቀን ያልቃል። እሱም ካቃተህ 12ኛውን መዝሙር (በሌላው አቆጣጠር 13ኛውን) ብቻ ያዝ። «እስከ መቼ» እያለ አራት ጊዜ ይጠይቃል፤ ምን እንደምትል ሲጠፋህ ዳዊት ይልልሃል።

ከእሪ በከንቱ፦
«በከንቱ አትድገሙ» የተባለው በቃል ብዛት እንሰማለን ብለው ለሚያስቡት ነው፤ ማቴ. 6፥7ን እስከ መጨረሻው አንብበው። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ ሦስተኛ ጊዜ ሲጸልይ «ያንኑ ቃል» ነው የደገመው፣ ማቴ. 26፥44። ዓመፀኛውን ዳኛ እየነዘነዘች ያስፈረደችውን የሉቃስ 18ቷን መበለትም ብዙ ሰው ገልብጦ ይረዳታል። እግዚአብሔር እንደ ዳኛው ነው፣ ካልነዘነዙት አይሰማም ማለት አይደለም። ዓመፀኛው እንኳ ከፈረደላት እርሱማ እንዴት አይፈርድ ነው ነገሩ። ይህን የገለበጠ ሰው መልስ በዘገየ ቁጥር ድምፁን ይጨምራል፣ ከዚያ ይደክመዋል፣ ከዚያ ያኮርፋል።

መዘግየትም አንድ ዓይነት አይደለም። ዳንኤል ሦስት ሳምንት ጠበቀ እንጂ ቃሉ የተሰማው ከመጀመሪያው ቀን ነው፣ ዳን. 10፥12። ጳውሎስ ሦስት ጊዜ ለምኖ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ተባለ፤ እንዲወገድለት የለመነው የሥጋው መውጊያ አልተነሣለትም።

ኤፍታህ፦
እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፣ ሥርዓቱ ላይ አልገባም። አንዲት ደብተር ግን ትጠቅማለች። በግራ ልመናውንና ቀኑን ጻፍ፣ ቀኙን ባዶ ተው። «ይፈወስ» ብቻ አትበል፤ «ዛሬ ሌሊት ይተኛ»፣ «ምግብ ይርጋለት» እያልክ ዘርዝረው። ትልቁ ሳይመለስ ትንንሾቹ መመለሳቸውን ታያለህ፤ ካልተጻፈ ግን በሳምንቱ ይረሳል።

ዘአራዳ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፦ የ7 ቀን ሱባኤ ብይዝስ? ሕመምተኛውም ልጹም፣ ጠበል ብቻ ልጠቀም እያለ ነው።

ዘ4 ኪሎ፦
ለአንተ፣ ዓመት ፈቃድ ካልወጣህ በቀር አሁን አልመክርም። ሥራ እየገቡ ሱባኤ ግማሹ ታክሲ ሰልፍ ላይ ያልቃል። በምትኩ ጠዋት ጊዮርጊስ ጎራ በል፤ ኪዳን (የቤተ ክርስቲያኑ የጠዋት ጸሎት) በማለዳ ስለሚደርስ ቢሮ ሳትገባ ታደርሰዋለህ። ሕመምተኛው ግን መድኃኒቱን በሰዓቱ ይውሰድ፤ ከምግብ ጋር የታዘዘ ከሆነም ይብላ፣ ጾም ለሕመምተኛ በንስሐ አባት ይፈታል። ጠበሉንም ይጠጣ። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች መድኃኒቱና ጠበሉ እንደማይጣሉ በግልጽ አስተምረው ነበር። ካህኑን ቤት ድረስ ጥራቸው፤ ሲመጡ መድኃኒቶቹን አትደብቅ፣ ጠረጴዛው ላይ ይሁኑ።