ፋይቲንግ ጌም ላይ ዜሮ ነኝ፣ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ — ሚጢጢ_ቡጢ
ሰላም ናችሁ? ስትሪት ፋይተር 6 ከጀመርኩ ትንሽ ቆየሁ፣ ከዚህ በፊት ግን ኳስ ጌምና የተኩስ ጌም እንጂ እንዲህ አንድ ለአንድ የሚደባደቡበት ነገር ነክቼ አላውቅም። ሪዩ የሚባለውን ካራክተር ነው የያዝኩት። ዩቱብ ላይ ያየሁትን ረጅም ኮምቦ (ተከታታይ ምት) ትሬኒንግ ሞድ ውስጥ ስሞክረው ይሰራልኛል፣ ኦንላይን ስገባ ግን ኮምቦው ይቅርና የመጀመሪያዋን ቡጢ ሳላሳርፍ ዙሩ ያልቃል። የሚያሸንፉኝ ሰዎች ደሞ የሚገርም ነገር ሰርተው እኮ አይደለም፣ ይዘላሉ ይረግጡኛል፣ ይዘላሉ ይረግጡኛል፣ እሱን ብሎክ ላድርግ ስል ደሞ ግራብ አድርገው ይወረውሩኛል። ካራክተር ልቀይር? ሞደርን የሚባለውን ኮንትሮል መጠቀምስ ነውር ነው? ኮምቦ ካልሆነ ምኑን ነው የምለማመደው?

ጥግ_አታስገቡኝ
ብሮ ኮምቦውን ለጊዜው እርሳው። ኮምቦ ማለት ከመታህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፣ ያንተ ችግር ደሞ መምታቱ ላይ ነው። ከዝላዩ ጀምር፣ ምክንያቱም በዚህ ጌም አንድ ሰው አንዴ ከዘለለ አየር ላይ ብሎክ ማድረግ አይችልም፣ የሚያርፍበትንም ቦታ እንደፈለገ አይቀይርም፣ ስለዚህ ወዳንተ የዘለለ ሰው ራሱን አሳልፎ ሰጠህ ማለት ነው፣ መልስ ስለማይሰጠው ብቻ ነው የሚደጋግመው። ሪዩ ዝቅ ብሎ በሀይለኛ ቡጢ ወደ ላይ የሚመታት አለች፣ አንድ በተን ናት፣ በሷ ጀምር። ሾሪዩከኑን፣ ማለትም እየተነሳ ወደ ላይ የሚመታውን ቡጢ (ፊት፣ ታች፣ ታች-ፊት ከዛ ቡጢ)፣ ቀስ ብለህ ትጨምረዋለህ።
አለማመዱ ደሞ እንዲህ ነው፦ ትሬኒንግ ሞድ ውስጥ ተቃራኒው የሚያደርገውን ሪከርድ ማድረግ ይቻላል። በአንዱ ወደ ፊት ይዝለል፣ በሌላው ዝም ብሎ ወደ ፊት ይራመድ፣ በሌላው ሃዱከን (ከእጁ የሚወጣውን የሀይል ኳስ) ይወርውር፣ ከዛ እያቀላቀለ እንዲያጫውትልህ አድርገው። ዝላይ ብቻ ከሆነ መቼ እንደሚመጣ ስለምታውቀው ምንም አትማርም። አይንህን ደሞ ከራስህ ካራክተር ላይ አንሳ፣ የጀማሪ ሁሉ አይን የራሱ ሰውዬ ላይ ነው፣ አንተ የት እንዳለህ እጅህ ያውቀዋል።

ሚጢጢ_ቡጢ
እህትህ ነኝ ብሮ 😄 ግን ገባኝ፣ ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ። ግራቡንስ ምን ላድርገው?

ሶስተኛ_ዙር
እኔ ልመልስ እህቴ። ነገሩ በሶስት ይዞራል፦ ምት ግራብን ያሸንፋል፣ ግራብ ብሎክን ያሸንፋል፣ ብሎክ ምትን ያሸንፋል። አንቺ ብሎክ ይዘሽ ስትቀመጪ ተቃራኒሽ ያለው መልስ ግራብ ነው፣ እሱ ጥፋቱ አይደለም። ማምለጫው ልክ ሊይዝሽ ሲል አንቺም ግራብ መጫን ነው (ቀላል ቡጢና ቀላል እርግጫ አንድ ላይ)፣ ሁለታችሁም ትላቀቃላችሁ። ወይ ደሞ ወደ ኋላ መዝለል፣ አየር ላይ ያለን ሰው ተራ ግራብ አይዘውም። ግን ሁሌ ግራብ እየተጫንሽ ከጠበቅሽ ነቅቶብሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ባዶ እጅሽን ስትዘረጊ ይመታሻል፣ ስለዚህ አንዳንዴ ተያዢለት፣ አንድ ግራብ አይገድልም።
ስለ ብሎክ ደሞ፣ መነሻሽ ታች-ኋላ ይዞ መቀመጥ ይሁን፣ እግር የሚመታውንም መሀል የሚመታውንም ይይዝልሻል። ከላይ የሚመጣውን ግን፣ ማለትም የዝላይ ምትንና ኦቨርሄድ የሚባሉትን፣ ቆመሽ ነው ብሎክ የምታደርጊው። መሬት ላይ ወድቀሽ ስትነሺ ደሞ በተን አትጫኚ!! ጀማሪ ሲነሳ የግድ አንድ ነገር መጫን አለበት ብሎ ያስባል፣ ተቃራኒው ደሞ ያቺን ነው የሚጠብቃት። ብሎክ አድርገሽ ተነሺ፣ እሱ ብቻውን ግማሽ ጌምሽን ይቀይረዋል።

ኬን_ነኝ_ባዩ
ኮምቦውን እርሱት በሚለው አልስማማም። ሰው ፋይቲንግ ጌም የሚጀምረው እኮ ኮምቦ ስለሚያምር ነው፣ ደስታውን ከወሰዳችሁበት ማን ይቆያል። የሚገርመው ኮምቦ ራሱ በ1991 ስትሪት ፋይተር 2 ሲወጣ አዘጋጆቹ አስበው ያስገቡት ነገር አልነበረም፣ ሳያስቡት የተፈጠረ ነው፣ ከዛ በኋላ ግን ያለሱ ፋይቲንግ ጌም ማሰብ አልተቻለም። እኔ የምለው ረጅሙን ተይና አጭር አንድ ያዢ፣ ዝቅ ብሎ መካከለኛ እርግጫ ከዛ ወዲያው ሃዱከን፣ በቃ። እሷን ሳታስቢ በሁለቱም በኩል ቆመሽ (በግራም በቀኝም) ስትሰሪያት ሌላ ጨምሪ።

ጥግ_አታስገቡኝ
ኬን እሱማ ልክ ነህ፣ እኔም ያልኩት የዩቱቡን ረጅሙን ነው። እንደውም አጭሯን ኮምቦ የምትጠቀምበትን ቦታ ልጨምርላት፦ ፓኒሽ። ተቃራኒሽ ሾሪዩከን ሰርቶ ብሎክ ካደረግሽበት እስኪያርፍ ድረስ ምንም ማድረግ አይችልም፣ ያኔ ተረጋግተሽ ቀርበሽ ያለሽን ትልቁን ነገር ስጪው። ብዙ ሰው ግን ብሎክ ካደረገ በኋላም ደንግጦ ብሎክ እንደያዘ ይቆያል፣ በነጻ የተሰጠውን ሳይወስድ።

ላግ_ገደለኝ
ሞደርን ነውር ነው ወይ ላልሽው፣ ኸረ ምን ነውር አለው፣ ውድድር ላይም ሰው ይጠቀመዋል። ልዩነቱ ይሄ ነው፦ ሃዱከንና ሾሪዩከን የመሳሰሉት በአንድ በተን ይወጡልሻል፣ በምላሹ በዛ መንገድ ሲወጡ ጉዳታቸው 20 ፐርሰንት ይቀንሳል፣ አንዳንድ ተራ ምቶችም የሉሽም። ዘላዮች ላቃጠሉት ሰው የአንድ በተን ሾሪዩከን መድሃኒት ነው። ግን አንዱን መርጠሽ ቆይበት፣ ዛሬ ሞደርን ነገ ክላሲክ (የተለመደው ኮንትሮል) ካልሽ እጅሽ ግራ ይገባዋል። ካራክተርም አትቀይሪ፣ ሪዩ ሁሉም አይነት መሳሪያ አለው።
በነገራችን ላይ ኮኔክሽንሽ በዋይፋይ ከሆነ ከቻልሽ በኬብል አድርጊው፣ ቲቪ ላይ ከሆነ የምትጫወቺው ደሞ ጌም ሞዱን አብሪው፣ አንዳንድ ቲቪ ያለሱ በተን ከተጫንሽ በኋላ ቆይቶ ነው የሚያሳይሽ። ጌሙ በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ነው የሚሄደው፣ የሪዩ ፈጣኗ ቡጢ በ4 ፍሬም ትደርሳለች፣ እዛ ላይ ቲቪው የራሱን መዘግየት ከጨመረበት አንቺ ምን ታደርጊዋለሽ።

ተከን_ቤት
እኔ የተከን 8 ሰው ነኝ ግን ላንብብ ብዬ ገባሁ 😂 እኛ ጋ ዝላዩ ብዙ አያስቸግርም፣ እግር የሚመቱት ናቸው የሚያሰቃዩት። አንድ ነገር ልበል ብቻ፣ ከጎንሽ ተቀምጦ የሚጫወት ሰው ካለ ፈልጊ። ኢቮ 2019 (ትልቁ የፋይቲንግ ጌም ውድድር) ላይ ተከን 7ን ያሸነፈው አርስላን አሽ ከፓኪስታን ነው የመጣው፣ የሰለጠነው እዛው ከሀገሩ ጎበዞች ጋር ፊት ለፊት እየተጫወተ ነው። ኦንላይን ያገኘሽው ሰው አሸንፎሽ ይሄዳል፣ ጓደኛሽ ግን «እሷን እኮ ሁሌ ትጫኚያታለሽ» ይልሻል።

ሚጢጢ_ቡጢ
እናንተ ሰዎች ተባረኩ። ሪከርድ የሚለውን ሰራሁት፣ ኦንላይንም ገብቼ ዘላዮቹን እየመታሁ ነው፣ አንዱ ሶስቴ አከታትዬ ከመታሁት በኋላ መዝለሉን ተወ!! ከተወ በኋላ ግን ምን እንደማደርግ አላወቅኩም ሃሃ። አሁን ያስቸገረኝ ያ ቀለም የሚረጨው ትልቁ ምት ነው፣ እየመታሁት ዝም ብሎ አልፎ ይመጣል።

ሶስተኛ_ዙር
ድራይቭ ኢምፓክት ነው። እስከ ሁለት ምት ይችላል፣ ሶስተኛው ነው የሚያቆመው፣ ስለዚህ አንድ አንድ እየመታሽ አታቆሚውም። ስታዪው አንቺም የራስሽን አውጪ (ሀይለኛ ቡጢና ሀይለኛ እርግጫ አንድ ላይ)፣ ዘግይቶ የወጣው ነው የሚያሸንፈው። ለመድረስ 26 ፍሬም ይፈጅበታል፣ ወደ ግማሽ ሰከንድ ይጠጋል፣ አይተሽ ትደርሺበታለሽ፣ ግን እጅሽ ሌላ በተን እየደበደበ ከሆነ አትደርሺም። ቅርብ ከሆነ ግራብም ይይዘዋል። ጀርባሽ ግድግዳ ላይ ሆኖ ብሎክ ካደረግሽው ግን ያጋጭሽና ኮምቦ ይሰራብሻል፣ ስለዚህ ጥግ ስትገቢ እሱን ብቻ ጠብቂ።
ይሄንንም እንደ ዝላዩ ሪከርድ አርጊው፣ ከግራብ ጋር ቀላቅለሽ።

ሚጢጢ_ቡጢ
እሺ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ሪፕሌይ እዩ ይላሉ፣ ምኑን ነው የማየው? ስሸነፍ ማየት ያናድዳል።

ጥግ_አታስገቡኝ
ሁሉንም አትዪ። የተሸነፍሽበትን አንድ ዙር ክፈቺና ህይወትሽ የቀነሰበትን ቦታ ብቻ እያቆምሽ በምን እንደመታሽ ጻፊው፣ በዝላይ፣ በግራብ፣ ስትነሺ፣ በኢምፓክት። አንዱ በዝቶ ይወጣል፣ ቀጣይ ትሬኒንግ ሞድ ስትገቢ የምትሰሪው እሱን ነው። ሌላውን ተይው።

ኬን_ነኝ_ባዩ
አይዲሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ማታ ማታ አለሁ። ኬን ብዙ ይዘላል 😁